ጥቅሉን የማይፈታ መልእክተኛ

የእህቴ ልጅ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ባለፈው የፈተና ሰሞን እኔ ቤት ሰንብታ ነበር። አንድ ማለዳ ሳሎን ስገባ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሰባት የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች። ቃላቱ እንዳይጠፏት ደግሞ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ይዞ የተሠራ፣ ፒዛ አትጣሉ የሚል ነገር ያለበት አንድ የማይረባ ዓረፍተ ነገር አላት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጆሮዬን ቆረቆረኝ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«የኔትዎርክ ሰባቱ እርከኖች ናቸው፣ አክስቴ።»

«ኢንተርኔት የሚሠራው በእነሱ ነው?»

ትንሽ አሰበችና «ኧረ አይደለም! ኢንተርኔትስ የራሱ አለው፤ እሱ አራት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ሰባቱን ማን ይሠራባቸዋል?»

«እንዲህ ሰባት ሆነው? ማንም።»

«ለምን ታጠኛቸዋለሽ?»

«ይመጣላ! ፈተና ላይ።»

ማንም የማይሠራበትን ነገር ለፈተና መሸምደድ ለእኔ ትውልድም እንግዳ አይደለም። እኛም በጊዜያችን ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካልነትን በቃላችን ወጥተን ወርደን ነው የተመረቅነው። ነገር ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰባቱ እንዴት ተሸነፉ? አራቱስ እንዴት አሸነፉ? ጥቂት ሳምንታት ሳነብ ከረምኩ። ወሬው የምህንድስና ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ከእናቴ ደብዳቤዎችና ከቢሮዎቻችን በር ላይ አደረሰኝ። ዛሬ የማወጋችሁ እሱን ነው። (የውጪውን ታሪክ በእነሱው አቆጣጠር፣ የራሴን ግን በእኛው ነው የምጽፈው፤ እንዳይምታታባችሁ።)

እርከን የሚለውን ቃል ስሰማ ሁለት ነገር ይታየኛል። አንዱ ገበሬ አፈሩ እንዳይሸሽበት ተዳፋቱ ላይ የሚክበው ካብ ነው። ሌላው «የአስተዳደር እርከን» የምንለው፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣው ነው። የኮምፒዩተር ሰዎች እርከን የሚሉት ከሁለቱም ይመስላል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ሥራ አለው፤ ከሥሩ ካለው አገልግሎት ይቀበላል፤ ከላዩ ላለው አገልግሎት ይሰጣል፤ ከዚያ አልፎ በሰው ሥራ አይፈተፍትም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ መላው ጉዳይ እሷ ላይ ነውና።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ በእናቴ ነው፤ ኮምፒዩተር በዓይኗ ሳታይ ያለፈችው እናቴ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ከደሴ ስንቅ ትልክልኝ ነበር። አላላኳ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደብዳቤውን ለጎረቤት ተማሪ እየነገረች ታስጽፋለች። ደብዳቤው ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ከበሶውና ከቅቤው ጣሳ ጋር በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ ላይ የእኔ ስምና የመኝታ ክፍሌ ቁጥር ይጻፋል። ጨርቁ ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባና በወስፌ ይሰፋል፤ ማዳበሪያው ላይ የአጎቴ ስምና «አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ» የሚል ይጻፋል። ከዚያ «አደራ!» ተብሎ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል።

ረዳቱ የሚያውቀው ማዳበሪያው ላይ ያለውን ብቻ ነው። አጎቴ አውቶቡስ ተራ ሄዶ ይቀበልና ማዳበሪያውን ይፈታል፤ ጨርቁ ላይ ያለውን አይቶ ለግቢው ዘበኛ ያደርሳል። ጨርቁንና ፖስታውን የምፈታው እኔ ነኝ። መንገድ ተዘግቶ አውቶቡስ በማይወጣበት ሰሞን ያው ጥቅል በጭነት መኪና ሹፌር ይመጣል። ለዚያ ሲባል ከደብዳቤው አንድ ቃል አይለወጥም፤ ሹፌሩም ስለ በሶ የሚያውቀው ነገር መኖር የለበትም።

እናቴ ሌላም ዘዴ ነበራት። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ዕቃም ደብዳቤም ይጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤዎቿን ትቆጥራለች። «ይህ አምስተኛው ነው፤ አራተኛው ደርሶሻል ወይ?» እኔም «አምስተኛው ደርሶኛል፣ አራተኛው አልመጣም» ብዬ እጽፍላታለሁ። እሷም አራተኛውን እንደ አዲስ ታስጽፋለች። ረዳቱን ይዛ አትሟገትም። የአውቶቡሱ ሥራ መሄድ ነው፤ መድረስ አለመድረሱን ማጣራት የእናትና የልጅ ሥራ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ ከሞላ ጎደል አውቋል። ከአራቱ እርከኖች የላይኛው የመተግበሪያው ነው፤ የደብዳቤው ቋንቋና ወግ እሱ ዘንድ ነው። ከሥሩ ቲሲፒ የሚባለው አለ፤ መልእክቱን ይቆራርጣል፣ ቁራጮቹን ይቆጥራል፣ የጠፋ ካለ እንደ እናቴ በድጋሚ ይልካል። ከእሱ ሥር አይፒ አለ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ የላኪና የተቀባይ አድራሻ በተጻፈበት ሽፋን ይጠቀልላል። ከሁሉ በታች መጓጓዣው ነው፤ የመዳብ ሽቦ ይሁን፣ ብርሃን የሚሮጥበት ቀጭን የመስታወት ክር፣ ወይም የሬዲዮ ሞገድ።

በየመንታ መንገዱ ራውተር የሚባሉ መሣሪያዎች ቆመዋል። እነሱ የሚፈቱት ማዳበሪያውን ብቻ ነው፤ አድራሻውን አይተው በአዲስ ማዳበሪያ ጠቅልለው ለሚቀጥለው ያቀብላሉ። ባቀበሉ ቁጥርም ሽፋኑ ላይ የተጻፈችውን አንዲት ቁጥር በአንድ ይቀንሷታል። ዜሮ ከደረሰች ጥቅሉ ይጣላል፤ መንገድ የሳተ ጥቅል ዕድሜ ልኩን እየዞረ ጎዳናውን እንዳያጣብብ። ታዲያ ማሸጊያው በነፃ አይደለም። ቲሲፒና አይፒ ለየራሳቸው ቢያንስ 20 ባይት ይፈልጋሉ፤ በተለመደው ኔትዎርክ ከሚጫነው 1500 ባይት ውስጥ ቢያንስ 40ው ጨርቅና ማዳበሪያ ነው ማለት ነው።

አሁን ሲነገር ቀላል ይመስላል። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ተሳስተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቦብ ቴይለር የሚባል ሰው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር ባለው አርፓ በተሰኘ የምርምር መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ምርምር ኃላፊ ነበር። ቢሮው ውስጥ ሦስት ተርሚናሎች ነበሩት። አንዱ ሳንታ ሞኒካ፣ አንዱ በርክሌይ፣ አንዱ ኤምአይቲ ካለ ኮምፒዩተር ጋር ብቻ ያወራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ሌላው ፊት መቀመጥ፣ ሌላ ዓይነት ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት። አንድ ለምን አይበቃም? አለ። ሥራውን ላሪ ሮበርትስ ለሚባል መሐንዲስ ሰጠው።

የየዩኒቨርሲቲው ሰዎች ግን ሐሳቡን አልወደዱትም። ኮምፒዩተሮቻቸው ውድ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ደግሞ የሰው መልእክት ያመላልሱ? በ1967 ዌስሊ ክላርክ የሚባል ሰው መላ አመጣ። ትልልቆቹን ኮምፒዩተሮች ተዉአቸው፤ በየደጃቸው አንድ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር አቁሙ፤ መንገዱን እነሱ ይወቁት፤ ትልቁ ከደጁ ካለው ትንሽ ጋር ብቻ መነጋገር ይቻለው። የመጀመሪያዋ እርከን ይህች ናት። ትልቁ ስለ መንገድ ማወቅ ቀረለት፤ ትንሹም ስለ ጭነቱ። ትንንሾቹን ማሽኖች ቢቢኤን የተባለ የማሳቹሴትስ ድርጅት ሠራቸው። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው ቃል ተላከ። አምስት ፊደል የነበረው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ደርሶለት ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር ተዝለፈለፈ። ጅምሩ ይህ ነው።

ትንንሾቹ መንገዱን ካወቁ፣ ትልልቆቹ እርስ በርስ ምን ተባብለው ይነጋገሩ? ይህ ጉዳይ ማንም ባለቤት ነኝ ሳይልበት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተተወ። ስቲቭ ክሮከር የሚባለው ተማሪ ኤፕሪል 7 ቀን 1969 የመጀመሪያውን ማስታወሻ አወጣ። የጻፈው በሌሊት፣ ያደረባቸውን ሰዎች እንዳይቀሰቅስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ነው። ተማሪዎቹ «ዋናዎቹ ባለሙያዎች መጥተው ይቆጡናል» የሚል ስጋት ነበራቸውና ጽሑፉን መመሪያ ለማለት አልደፈሩም፤ «አስተያየት መጠየቂያ» አሉት። የኢንተርኔት ደንቦች እስከ ዛሬ የሚወጡት በዚሁ ስም ነው። ዋናዎቹ ባለሙያዎች እንደሆኑ አልመጡም። በኋላ እንደታየው፣ እነሱው ነበሩ።

ተማሪዎቹም ሁሉን ባንድ አልጻፉትም። ከታች ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር የሚገናኝበትን አንድ መሠረት ጣሉ፤ ፋይል መላኩን፣ ከሩቅ ሆኖ መሥራቱን ለብቻ ለብቻ ከላዩ አስቀመጡ። ጥቅሙ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲልክ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። ከታች ያለውን አንድ ብሎን ሳይነካ ከላይ አዲስ ነገር አስቀመጠ፤ በቃ።

የተማሪዎቹ ሥራ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አውቶቡሱ ዕቃ አይጥልም ብሎ ያምናል። በዚያ አንድ ኔትዎርክ ላይ እምነቱ ያስኬድ ነበር። በኋላ ግን አርፓ ራሱ በመኪና ላይ የሚጫን የሬዲዮ ኔትዎርክና አትላንቲክን የሚሻገር የሳተላይት ኔትዎርክ አመጣ። ሬዲዮ ድልድይ ሥር ሲገባ ይጠፋል። ሳተላይት ሩቅ ነው፣ ይዘገያል። በ1973 ቦብ ካንና ቪንት ሰርፍ እነዚህን እንዴት እናገናኛቸው ብለው ተቀመጡ። በፈረንሳይ ሉዊ ፑዛን ሲክላድ የተባለ ኔትዎርክ እየሠራ ነበር፤ እዚያ መንገዱ ጥቅሉን እንዳመጣለት ያቀብላል፣ የጠፋውን የሚፈልጉት ዳርና ዳር ያሉት ናቸው። ሁለቱ አሜሪካውያን ከዚህም ተማሩ። ሐሳባቸውን በሜይ 1974 አሳተሙ፤ የትኛውም ኔትዎርክ ውስጡን አይለውጥ፣ መሐል ላይ አቀባባይ ይቁም፣ መድረሱን ዳር ያሉት ያጣሩ። የእናቴ ሕግ ነው።

ነገር ግን እነሱም ተሳሳቱ። አድራሻ መጻፉንም፣ ቁጥር መቁጠሩንም፣ የጠፋ መድገሙንም ቲሲፒ በሚባል አንድ ቋጠሮ አሰሩት። ስህተቱን ያጋለጠው የሰው ድምፅ ነው። ዳኒ ኮኸን የተባለ ተመራማሪ በኔትዎርክ ንግግር ለማስተላለፍ ይሠራ ነበር። ደብዳቤ ሲሆን የጠፋው ገጽ ቢዘገይም ይምጣ ትላላችሁ። ንግግር ሲሆን ግን የጠፋችን አንዲት ድምፅ ከሁለት ሰከንድ በኋላ አምጥቶ ከመሰንቀር እንደጠፋች ብትቀር ይሻላል። ቲሲፒ ደግሞ ሁሉንም እየጠበቀ፣ እየደገመ ነው የሚሄደው። የደብዳቤውን ሕግ በወሬው ላይ ለምን ትጭናላችሁ? አለ ኮኸን። ጆን ፖስቴል ደግሞ በኦገስት 1977 ባወጣው ማስታወሻ፣ የእርከንን መርህ እየጣስን ሥራውን እያበላሸን ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። (ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪሞት ድረስ የእነዚያ «አስተያየት መጠየቂያዎች» አርታኢ ነበር። የኢንተርኔት ደንብ አርታኢ እንደነበረው ሳውቅ ሙያዬ ኮርቶብኛል።)

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ቀን ካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ ከሚሄድ መኪና የተነሣ መልእክት በሬዲዮ፣ በሳተላይትና በመሬት መስመር፣ ሦስት የማይመሳሰሉ ኔትዎርኮችን አቆራርጦ፣ አውሮፓ ደርሶ ተመልሶ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ገባ። ሐሳቡ እንደሚሠራ ታወቀ። በ1978 ቋጠሮው ለሁለት ተፈታ። አድራሻ የሚጽፈው አይፒ ለብቻ፣ የሚቆጥረውና የሚደግመው ቲሲፒ ከላዩ ለብቻ ሆነ። መድገም የማይፈልግ ቲሲፒን ትቶ በቀጥታ አይፒ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ ተከፈተ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ኔትዎርኩ ወደ አዲሱ ሥርዓት ተሻገረ።

የእህቴ ልጅ ሰባት እርከኖችስ? የእነሱ ታሪክ ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለኮምፒዩተር ግንኙነት የሚሆን የሁሉ አገር ደንብ እናውጣ ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ቻርልስ ባክማን በሙያው ትልቁን ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ዓላማውም የሚነቀፍ አይደለም። አይቢኤም በ1974 የራሱን ሥርዓት አውጥቶ ገበያውን ሊጠቀልል ነበርና፣ የማንም ኩባንያ ያልሆነ የጋራ ደንብ ይኑር ነው የተባለው። ሰባት እርከን ያለው ንድፍ ተሣለ፤ በ1984 ጸደቀ።

ንድፉ ውብ ነው። ችግሩ የተሣለው ገና ከመሠራቱ በፊት መሆኑ ነው። የየአገሩ የስልክ ድርጅቶች አንድ ዓይነት መንገድ ይፈልጋሉ፤ ኮምፒዩተር ሠሪዎቹ ሌላ። ሲከራከሩ ውለው ለማስማማት «ሁለቱም ይግባ» ይባላል። ሰነዱ ይወፍራል። ሰነዱ በገንዘብ ይሸጣል። በዚህ መሐል ቲሲፒና አይፒ በነፃ የሚነበቡ ነበሩ፤ ከ1983 ጀምሮም ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ ጋር ተዘጋጅተው ይመጡ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እንኳ መሥሪያ ቤቶቹ ባለ ሰባቱን እንዲገዙ በ1988 መመሪያ አውጥቶ፣ በ1990 አስገዳጅ አድርጎት ነበር። ማን ሰማው? በ1992 የኢንተርኔት ሽማግሌዎች ራሳቸው ከባለ ሰባቱ ወገን የአድራሻውን ክፍል እንውሰድ ሲሉ መሐንዲሶቹ አመፁ። ዴቪድ ክላርክ በዚያው ዓመት ባደረገው ንግግር፣ ንጉሥም ፕሬዚዳንትም ድምፅ ብልጫም አንቀበልም፤ የምናምነው ከሞላ ጎደል በሚገኝ መግባባትና በሚሠራ ፕሮግራም ነው የሚል ሐሳብ ተናገረ።

እኛም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቢፒአር የሚባል ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ገብቶ ስንት እርከን እንደሣለ፣ ስንት ጥራዝ እንደታተመ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ብዙው ከመደርደሪያ አልወረደም። ያም ሆኖ በባለ ሰባቱ ላይ አልፈርድም። ዛሬም መሐንዲሶች ሲነጋገሩ «ችግሩ እርከን ሁለት ላይ ነው፣ እርከን ሰባት ላይ ነው» የሚሉት በእሱ ቁጥር ነው። ቤቱ ባይሠራም ቋንቋው ቀርቷል። አንዱን እርከን ደግሞ እኔ ራሴ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አዋርዶኛልና።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል ያለው ሰው በአብዛኛው የሚጠቀመው በኢኮኖሚክ ኮሚሽን ግቢ በነበረው ፓዲስ በኩል፣ በስልክ መስመር እየተደወለ ነበር። በ1997 ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። እኔም ወጣት አስተማሪ ሆኜ በ1992 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አንድ የአማርኛ መጣጥፍ ዋሽንግተን ለሚኖሩ የቀድሞ መምህሬ ላክሁ። በማግሥቱ መልስ መጣ።

«ልጄ፣ የላክሽልኝ መጣጥፍ ነው ወይስ አስማት? ሳጥንና ሹል ምልክት ብቻ ነው የሚታየኝ። መድኃኒት ከሆነ ንገሪኝ፤ በቆዳ አሰፍቼ አንገቴ ላይ ላስረው።»

አፈርኩ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ልጅ ዘንድ ሄጄ ጮህኩበት። መልእክቱን አየና «መምህር፣ ጥቅሉ ደርሷል እኮ። አንዲት ቁራጭ አልጎደለችም። የጠፋው ስምምነቱ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ አማርኛ የሚጽፉ ብዙ ሶፍትዌሮች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ሰጥቷል። የእኔ «ሀ» እሳቸው ዘንድ ሌላ ምልክት ናት። ከሰባቱ እርከኖች ስድስተኛው፣ የአቀራረብ የሚባለው፣ የታሰበው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነበር። ተቸግረው በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉም ነበሩ፤ ለዚያ የወጣ አንድ ሥርዓት እንኳ ነበረ፤ ስሙ «ሴራ» ይባላል። እኔ የማስተምረው የልብ ወለድ ሴራ ግን አልነበረም።

ያን ዕለት ያልገባኝ፣ ዛሬ የሚደንቀኝ ነገር ይህ ነው። በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደላት የዓለም ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ ቀስ በቀስም የየቤታችን ኮምፒዩተር ተቀበለው። ዛሬ «ሀ» የትም አገር 4608 ናት። ይህ ሲሆን ባሕር ሥር ያለ አንድ ገመድ አልተነካም፤ አንድ ራውተር አልተለወጠም። ማንም የመንገድ ባለቤት «ግዕዝ ደግሞ ምንድን ነው? በእኔ በኩል አያልፍም» የማለት ዕድል አላገኘም። የታችኞቹ እርከኖች ግዕዝን አያውቁትም። ባለማወቃቸው ተሸከሙት። ክሮከርና ቶምሊንሰን አማርኛ የሚባል ቋንቋ ሳያስቡ የሠሩት መንገድ የእናቴን ቋንቋ የሚያደርሰው ጥቅሉን የማይፈታ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ እኛ እርከን ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ወረቀት ለማውጣት ሄድኩ። ዘበኛው «ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። አሰበበትና «እሱ አይሆንም» አለ፤ እዚያው በር ላይ ተፈረደብኝ። ለምኜ ገባሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ጉዳዬን ጠየቀች፣ ነገርኩ። ጸሐፊዋ ጠየቀች፣ ነገርኩ፤ ወረቀቴንም ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችና «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» አለችኝ። ባለሙያው ዘንድ ስደርስ ቀና ብሎ ሳያይ «ይሄ የኛ አይደለም፤ አድራሻ ተሳስተዋል» አለ። እንግዲህ እዩት። ሁሉም ጥቅሉን ፈትቶ አየ፤ አድራሻውን ግን ማንም አላየም። የዘበኛው ሥራ አድራሻ ማሳየት ነበር። እሱ ዳኛ ሆነ፤ ባለሙያው ደግሞ የዘበኛውን ሥራ ሠራ።

ይህ ያስቃል። የማያስቀውም አለ። የእናቴ ደብዳቤዎች አንዱ፣ ዘጠነኛው ይመስለኛል፣ በፖስታ ቤት በኩል የመጣ፣ ተከፍቶ በሙጫ ተመልሶ የታሸገ ሆኖ ደረሰኝ። ሙጫው ገና ይሸታል። ለእናቴ ጻፍኩላት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎቿ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። ቁጥሩ ይቀጥላል፤ ውስጡ ግን «እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደኅና ነን» ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና መወሰዱን ያወቅሁት ክረምት ቤት ስገባ፣ አልጋው ተነጥፎ ሳይ ነው። ጥቅሎቹ ሁሉ ደርሰው ነበር፤ ከቁጥሩም የጎደለ አልነበረም።

ዛሬም በመንገድ ላይ ጥቅል ፈትቶ የሚያይ መሣሪያ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ምላሹም በሁለቱ ዳርቻዎች የሚቆለፍ ምስጢር ነው፤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይታያል፣ ውስጡ አይነበብም። ምስጢር ግን መንገዱ ሲዘጋ ምንም አያደርግም። የላይኞቹ እርከኖች ሁሉ ያረፉት በታችኛው ላይ ነው፤ እሱን የያዘ እጅ ከላይ ያለውን አንድም ሳያነብ ሁሉንም ጸጥ ማሰኘት ይችላል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ምርጫ በኋላ የስልክ የጽሑፍ መልእክት እስከ 2007 ተዘግቶ ነበር። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ደግሞ በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ በአንዳንድ ሥፍራ መቋረጡ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ በየእሑዱ ገጠር ያሉ እናቱ ዘንድ ይደውል ነበር። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ድምፅ በቃሉ ያዛት። መርዶውን የሰማው ከስምንት ወር በኋላ፣ በሰው በሰው፣ በአፍ በመጣ ወሬ ነው። አደራ የሚያደርስ መንገድ ሲጠፋ የቀረው የእግር መንገድ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አወጋኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንደ ባለሙያ «ቲሲፒ መልስ ሲያጣ ዝም ብሎ አይተውም እኮ፣ አክስቴ» አለች። «ይጠብቅና እንደገና ይልካል። ካልተመለሰለት የጥበቃውን ጊዜ እጥፍ ያደርግና እንደገና ይልካል። መንገዱ ተጨናንቆ ከሆነ እንዳይብስበት ብሎ ነው።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻው፣ ብዙ ሞክሮ ሳይሆንለት ሲቀር ይተዋል። ግንኙነቱ ተቋርጧል ብሎ ያስታውቃል።»

ትንሽ ቆይታ ጠየቀችኝ። «አያቴስ? መልስ ሲዘገይባት ምን ታደርግ ነበር?»

«የሚቀጥለውን ታስጽፋለች» አልኳት።

ፈተናውን አልፋለች። ሰባቱም መጥተውላታል።